የተሽከርካሪ አየር ማስገቢያ ማሻሻያ በኢሉባቦር

የአየር ማስገቢያ ማሻሻያ ተሽከርካሪው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የአየር ማጣሪያ፣ የማጣሪያ ሳጥን ወይም የአየር ቱቦ፣ ሞተሩ በቀላሉ አየር እንዲስብ ታስቦ በተሠራ ሌላ ዕቃ መተካት ነው። ማጣሪያው በጋራዦች ውስጥ ከጣልያንኛ በመጣው ስሙ «ፊልትሮ» ይባላል። በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚነሣው ከፈጣን መኪኖችና ከውድድር ጋር ነው። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በአካባቢው ባሉ ከተሞች ግን ጥያቄው የሚመጣው አቀበት ላይ ጉልበት ባነሰው ቪትዝ፣ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ነው። በዚህ አካባቢ ከፍታው፣ የበጋው አቧራና ረጅሙ ዝናብ የምርጫውን መልስ ከሌላው ቦታ የተለየ ያደርጉታል።

መቱ የኢሉ አባ ቦር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በስተደቡብ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ጋምቤላ ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይቀንሳል። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አንድ ሞተር እጅግ የተለያየ አየር ይስባል ማለት ነው።

አየርና ጉልበት

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልገዋል። ሞተሩ ላይ ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው አየር መጨመር ነው። በዚህ ምክንያት የሞተር ጉልበት ጣሪያ የሚወሰነው በእያንዳንዱ ዙር ወደ ሲሊንደር በሚገባው የአየር ክብደት ነው። ክብደቱ እንጂ ይዞታው (ሊትሩ) አይደለም፤ ልዩነቱ በከፍታ ቦታ ላይ ዋና ነገር ይሆናል።

1.3 ሊትር ሞተር ያለው ቶዮታ ቪትዝ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ቢበዛ 3,900 ሊትር አየር ይስባል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚስብ ነው ስሌቱ እንዲህ የሚሆነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይህ አየር በባሕር ወለል ላይ ወደ 4.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በመቱ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ከ101 ወደ 83.5 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ ያው 3,900 ሊትር 3.9 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በፋብሪካ ወረቀት ላይ 87 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር መቱ ላይ 72 አካባቢ ይኖረዋል። ጎሬ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ንጹሕ የሆነ የፋብሪካ ማጣሪያ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ የሚወስደው ግፊት በተለምዶ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ማሻሻያው ሊመልሰው የሚችለው ከዚህች ውስጥ የተወሰነውን ነው። አንድ ሙሉ ኪሎ ፓስካል ቢመልስ እንኳ ከ83.5 ውስጥ 1.2 በመቶ ነው፤ ለቪትዙ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች ይሆናል። በአንጻሩ ከመቱ ወደ ጎሬ መውጣት ብቻውን ወደ 4 ኪሎ ፓስካል ይወስዳል። በሌላ አነጋገር በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚጠፋውን አየር የትኛውም ማጣሪያ አይተካውም። ከፍታው የወሰደውን አየር በእርግጥ የሚመልሰው አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ነው።

ታዲያ ክፍት ማጣሪያ የገጠሙ ብዙ አሽከርካሪዎች መኪናው እንደተለወጠ ለምን ይናገራሉ? የፋብሪካው ሳጥንና ቱቦ የአየር መሳብ ድምፅን እንዲያፍኑ ጭምር የተሠሩ ናቸው። እነርሱ ሲነሡ ሞተሩ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ይጮኻል፤ ድምፁም እንደ ጉልበት ይሰማል። ሌላው ምክንያት ደግሞ የተነሣው አሮጌ ማጣሪያ በአቧራ ተደፍኖ የነበረ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ የፋብሪካ ማጣሪያም ያንኑ ለውጥ ያመጣ ነበር።

የማሻሻያ ዓይነቶች

በጣም ቀላሉ በነባሩ ሳጥን ውስጥ የሚገባ፣ ታጥቦ ተመልሶ የሚሠራ ማጣሪያ ነው። ሳጥኑንና ቱቦውን ሳይነካ ስለሚቀር ቢያሳዝን እንኳ መመለስ ይቻላል።

ሁለተኛው ሳጥኑን አንሥቶ ኮፈን ሥር የሚቀመጥ ሾጣጣ ማጣሪያ ሲሆን አጭር ቱቦ አለው። ችግሩ የሚስበው አየር በራዲያተሩና በሞተሩ የጋለ መሆኑ ነው። አየር በ3 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቁጥር ክብደቱ በ1 በመቶ ይቀንሳል። ኮፈን ሥር ያለው አየር ከውጪው በ30 ዲግሪ ቢበልጥ ሞተሩ ከማጣሪያው ያገኘውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ያጣዋል። ጭነት ይዞ በቀስታ ማርሽ አቀበት የሚወጣ መኪና፣ ነፋስ ስለማያገኝ፣ ኮፈኑ ሥር የበለጠ ይግላል። ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ጉልበት የሚቀንስ ማሻሻያ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው «ኮልድ ኤር ኢንቴክ» የሚባለው ሲሆን ማጣሪያውን በረጅም ቱቦ ወደ መከላከያው (ፓራውልት) ኋላ ወይም ወደ ጎማው ጎን ዝቅ ያደርገዋል። ቀዝቃዛ አየር ያገኛል፤ ነገር ግን ለጭቃና ለውሃ የቀረበ ነው።

አራተኛው ስኖርክል ነው። የአየሩን አፍ በፊተኛው መስታወት ጎን እስከ ጣሪያው ከፍ ያደርገዋል። በላንድክሩዘርና በፒክአፕ መኪኖች ላይ ይታያል። በአይሱዙ የጭነት መኪናዎች ላይም የአየሩ መግቢያ ከጋቢናው ኋላ ከፍ ብሎ የተሠራው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ አቧራ ከመሬት በራቀ መጠን ይሳሳል።

አቧራ

በኢሉባቦር ዋናው የአስፋልት መንገድ በደሌን፣ ያዮን፣ ሁሩሙን፣ መቱንና ጎሬን ያገናኛል። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ቀበሌዎች የሚወስዱት ግን በአብዛኛው ጠጠርና ቀይ አፈር ናቸው። ዝናቡ ቆሞ መንገዱ የሚደርቅበት ጊዜ ቡና ከየገጠሩ ተሰብስቦ የሚጓጓዝበት ጊዜም ስለሆነ፣ መኪናዎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት አቧራው በጠናበት ወቅት ነው። ከአንድ አይሱዙ ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ትንሽ መኪና ብቻውን ከሚሄድ መኪና በብዙ እጥፍ የበለጠ አቧራ ይስባል።

ለሞተር እጅግ ጎጂው በዓይን የሚታየው አሸዋ አይደለም። ከ5 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር የሚደርሱት ደቃቅ ቅንጣቶች በፒስቶን ፋሻና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ባለው ቀጭን የዘይት ሽፋን ውስጥ ገብተው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። ፋሻው ሲበላ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ያልፋል፤ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ጠዋት ሞተር ማስነሣት ይከብዳል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ተፈትቶ መጠገን ይኖርበታል።

የማጣሪያ ብቃት የሚለካው አይ ኤስ ኦ 5011 በሚባለው ዓለም አቀፍ የሙከራ ደረጃ ነው። ጥሩ የወረቀት ማጣሪያ በዚህ ሙከራ ከ99 በመቶ በላይ አቧራ ይይዛል። አየር በቀላሉ እንዲያልፍ የተሠሩ በዘይት የራሱ የጥጥ ማጣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። «ትንሽ» የሚለው ቃል ግን ያታልላል። 100 ግራም አቧራ ቢመጣ 99.5 በመቶ የሚይዘው ማጣሪያ ግማሽ ግራም ያሳልፋል፤ 98 በመቶ የሚይዘው 2 ግራም ያሳልፋል። በሻጩ ወረቀት ላይ የአንድ ተኩል በመቶ ልዩነት የሚመስለው ለሞተሩ አራት እጥፍ ነው። በለስላሳ አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ መኪና ይህ ላያሳስብ ይችላል፤ በያዮና በአልጌ የገጠር መንገዶች ለሚሠራ መኪና ግን ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ቁጥር ይህ ነው።

የወረቀት ማጣሪያ በመጠኑ አቧራ ሲይዝ ይበልጥ ያጣራል፤ የተያዘው አቧራ ራሱ ሌላውን ይይዛልና። ስለዚህ ማጣሪያን በየሳምንቱ ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ ወይም በኮምፕረሰር ከፍተኛ አየር መንፋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይቀደዳል፤ የዳር ጎማውም ይጣመማል። ማጣሪያው በአግባቡ መሥራቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሳጥኑን ከፍቶ ከማጣሪያው ወዲያ፣ ንጹሕ መሆን ባለበት ቱቦ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ ማሳለፍ ነው። ጨርቁ ቀይ አፈር ይዞ ከወጣ ወይ ማጣሪያው ተቀዷል ወይ ዳሩ አልገጠመም። ከፋብሪካው ስም ጋር በሚመሳሰል ማሸጊያ የሚሸጡ አስመሳይ ማጣሪያዎች በአብዛኛው የሚታወቁት በዚሁ በዳር አገጣጠማቸው ነው።

የሚታጠብ ማጣሪያ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ አዲስ ለመግዛት እስከ መርካቶ ሶማሌ ተራ ማዘዝን ያስቀራል። ነገር ግን ታጥቦ በሚገባ መድረቅና ለእርሱ በተሠራው ዘይት በልኩ መራስ አለበት። ያለ ዘይት የተገጠመ የጥጥ ማጣሪያ ደቃቁን አቧራ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ከመጠን በላይ ሲቀባ ደግሞ ዘይቱ ተስቦ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ይበክላል። በዚህ ሴንሰር ውስጥ ያለው የጋለ ቀጭን ሽቦ ሲቆሽሽ አየሩን አሳስቶ ስለሚለካ ሞተሩ ነዳጁን ያዛባል። የቱቦውን ስፋት መለወጥም ያንኑ ስሕተት ያስከትላል። እንደ ዲኤክስ ያሉ ካርቡራቶር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ይህ ችግር የለባቸውም፤ በከፍታ ላይ ነዳጅ ማብዛት የራሳቸው ችግር ነው፤ መፍትሔውም ካርቡራቶሩን ማስተካከል እንጂ ማጣሪያ መቀየር አይደለም።

ቱርቦ ባላቸው የናፍጣ መኪኖች ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ቱርቦው በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሽከረከር ያመለጠው አቧራ ከፋሻው በፊት የእርሱን ምላጮች ይበላል።

ዝናብ

የኢሉባቦር ደጋማ ክፍል በኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል። ውሃ ለሞተር አደገኛ የሚሆነው እንደ አየር ስለማይጨመቅ ነው። ባለ 1.3 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር የሆነና 10 ለ 1 የሚጨምቅ ሞተር ፒስቶኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ወደ 36 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ ሲኒ ያህል። ከዚህ የበለጠ ውሃ ወደ አንድ ሲሊንደር ከገባ ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍት ጋር የሚያያይዘው ዘንግ (ቢየላ) ይጣመማል። ወደ ታች የወረደ ኮልድ ኤር ኢንቴክ በክረምት ጎርፍ ላይ ይህን አደጋ ወደ መሬት ያቀርበዋል። ውሃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር ጉዳቱን ያብሳል፤ መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ውሃው መውጣት አለበት።

ስኖርክል አፉን ከፍ ቢያደርግም ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ካልታሸገ ጌጥ ብቻ ነው። ታሽጎም ቢሆን መኪናውን ጀልባ አያደርገውም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹና የካምቢዮው መተንፈሻ በነበሩበት ይቀራሉ።

ዋጋና የሞተር ዕድሜ

የምርጫውን ክብደት ከፍ ያደረገው የሞተር መተካት አስቸጋሪነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተገለጸ። በአገሪቱ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ለረጅም ጊዜ ማገልገል ይኖርባቸዋል። ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች ለማግኘት ሲባል የፋሻን ዕድሜ ማሳጠር በዚህ ሁኔታ መጥፎ ልውውጥ ነው። በአካባቢው ለሚሠራ ተራ መኪና የተሻለው ማሻሻያ የፋብሪካው ሳጥን ከነሙሉ ክዳኑና መቆለፊያው፣ በውስጡም ትክክለኛ የወረቀት ማጣሪያ ነው። ለገጠር ሥራ በሚውል ላንድክሩዘር ላይ በሚገባ የታሸገ ስኖርክል ቢጨመር ገንዘቡ አይባክንም።

ማጣሪያ መቼ እንደሚለወጥ በኪሎ ሜትር ብቻ መወሰን ለዚህ አካባቢ አይመችም፤ በበጋ የጠጠር መንገድ አንድ ወር በአስፋልት ላይ ካለ ብዙ ወር ሊበልጥ ይችላል። ከማጣሪያው ኋላ ባለው ቱቦ ላይ የሚገጠም አነስተኛ የግፊት ማሳያ ማጣሪያው በእርግጥ ሲደፈን ቀለሙን በመለወጥ ያሳውቃል። ይህ ማሳያ በብዙ የጭነት መኪናዎችና ትራክተሮች ላይ ከፋብሪካ ይመጣል፤ በትንንሽ መኪኖችም ላይ ሊገጠም ይችላል።

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርዱ አሽከርካሪዎች ምንም ሳይገጥሙ የሚያገኙት ጭማሪ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በጋምቤላ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1.07 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጎሬ ላይ በ20 ዲግሪ የሚመዝነው 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሞተሩ በቆላው ወደ 13 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ አየር ያገኛል፤ ሲመለስም ያንኑ ዳገቱ ላይ መልሶ ያጣዋል።