ትልልቅ ፈርኖች በቤትና በደጅ፦ ውሃው ወዴት ይፍሰስ?

ከፖለቲካው ሙግት ለአፍታ ዞር ብለን ስለ አንድ ዕፅ እንነጋገር። ፈርን አበባም ፍሬም የለውም፤ የሚራባው በቅጠሉ ጀርባ በሚይዘው ብናኝ ነው። አበባ ካላቸው ዕፅዋት ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ይቀድማል። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የተሻገረ ዕፅ በእኛ እጅ በአንድ የብርድ ወቅት የሚደርቀው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ የደጁን እንመልከት። በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች የሚታየው ዲክሶኒያ አንታርክቲካ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያና ታዝማኒያ ነው። ግንድ የሚመስለው አካሉ እንጨት አይደለም፤ ወደ ታች በሚወርዱ ሥሮች ዙሪያውን የተሸፈነ ቀጭን አገዳ ነው። ስለዚህ አፈሩን ብቻ የሚያጠጣ ሰው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለውን ይፈጽማል። በሞቃት ወራት ውሃው ከላይ ጀምሮ ግንዱን እያራሰ መውረድ አለበት። ቦታውም ነፋስ የማያገኘው ከፊል ጥላ ይሁን።

አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከአናቱ ብቻ ነው፤ አናቱ በውርጭ ከሞተ ከጎን የሚያቆጠቁጥ የለም። በመሆኑም ውርጭ ሳይመጣ አናቱ ላይ ደረቅ ጭድ መጎስጎስ፣ ቅጠሎቹን በላዩ አጥፎ ማሰርና ግንዱን መጠቅለል፣ በጸደይም መፍታት ያስፈልጋል። ግንዱ በዓመት ከ5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ስለማያድግ፣ የ1 ሜትር ፈርን ማጣት የ20 ዓመት ዕድሜ ማጣት ነው።

በቤት ውስጥ ግን ገዳዩ ብርድ ሳይሆን ማሞቂያው ነው። ቦስተን ፈርን የተባለው ቅጠሉ ጫፉ ላይ ከቡናማነት ከጀመረ አየሩ ደርቋል ማለት ነው። ውሃ መርጨት ለደቂቃዎች ብቻ ይጠቅማል። ከማሞቂያ ማራቅ፣ መስኮት ባለው መታጠቢያ ቤት ማስቀመጥ፣ አፈሩ ከላይ መድረቅ ሲጀምር ማጠጣትና ውሃው ከሥር እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል።

ይህን የአየር ጉዳይ በለንደን ሐኪም የነበረው ናትናኤል ዋርድ በ1829 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አስተውሎታል። በከተማው ጭስ በአትክልት ስፍራው የሞቱበት ፈርኖች፣ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ራሳቸው በቀሉ። ዕፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

ይኸው ሕግ በጫካም ይሠራል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች ሳያቴያ ማኒያና የተባለ ዛፍ የሚያህል ፈርን አለ። ጥላ የሚሆኑት ዛፎች ሲቆረጡ እርጥበቱ ይሄዳል፤ ማንም ባይነካውም ፈርኑ ይከተላል። በታዝማኒያ ከጫካ የሚወጣ ዛፍ መሰል ፈርን ሁሉ የፈቃድ መለያ ሊኖረው ይገባል። እንግዲህ ትልቅ ፈርን የምንገዛ ሁሉ «ይህ ግንድ ከየት መጣ?» ብለን መጠየቅ የእንክብካቤው መጀመሪያ ነው።