ዝም ያለው ፊደል

ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ሲገልጥ፥ ባንድ ገጽ ላይ አምስት ቃላት ተሰልፈው ያገኛል። እነርሱም ቢላዋ ማለት የሆነው ናይፍ፥ ማንኳኳት የሆነው ኖክ፥ መንበርከክ የሆነው ኒል፥ ሊጥ ማቡካት የሆነው ኒድ፥ የታወቀ ማለት የሆነው ኖውን ናቸው። ሁሉም በአምስት አምስት ፊደል ተጽፈዋል፤ ሁሉም በኬና በኤን ይጀምራሉ። ሕፃኑ የተማረውን ፊደል አምኖ «ክናይፍ» ብሎ ያነባል፤ ጓደኞቹም ይሥቁበታል። በማግሥቱ ደግሞ ጆሮውን አምኖ ኬን ትቶ ቢጽፍ በቀይ ቀለም ይሰረዝበታል። ዓይኑን ቢያምን ስሕተት፥ ጆሮውን ቢያምን ስሕተት ሆነበት። ብዙ ልጅ «ይህ ቋንቋ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ተስፋ የሚቈርጠው እዚህ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ያልተማረ ወላጅም የሚረዳው ነገር የሌለው ይመስለዋል።

ነገር ግን ያ ሕፃን ያነበበው የቀድሞ እንግሊዞች ያነበቡትን ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ኬ ከኤን በፊት ሲመጣ በግልጽ ይሰማ ነበር። የቋንቋው ዘመዶች የሆኑት ጀርመኖችና ሆላንዶች ጕልበትን ዛሬም «ክኒ» ይላሉ፤ እንግሊዞች ግን ያንኑ ቃል «ኒ» ብለውታል። ዊልያም ካክስተን የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1476 ዓመት በዌስትሚንስተር ባቆመ ጊዜ ኬ ገና ይነገር ነበርና፥ አታሚዎቹ እንደ ሰሙት ጻፉት። በ17ኛው መቶ ዓመት ግን ድምፁ ከአንደበት እየደከመ ሄዶ ጠፋ። መጽሐፉ አንደበትን አልተከተለም፤ ፊደሉ በቦታው ቀረ።

ይህ ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ ግእዝ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፥ እንዲሁም አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ አፍ ግን አንድ ሆኑ። ሆኖም «ሰአሊ ለነ» የሚለውን በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ የጻፈ ሰው፥ «ለምኝልን» ማለቱ ቀርቶ «ሥዕል ሣዪልን» ማለቱ ነው። ጆሮ የማይለየውን ዓይን ይለያል። የእንግሊዝኛውም ኬ እንዲሁ ነው፤ ሊጥ ማቡካት የሆነው ኒድ ማስፈለግ ከሆነው ኒድ ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ በጽሕፈት ግን ኬ ትለያቸዋለች። (ዕውቀት ማለት በሆነው ኖሌጅ ኬ ዝም ብላ ሳለ፥ ማመንና መቀበል በሆነው አክኖሌጅ ድምፅዋ መሰማቱ ያስቃል።)

ስለዚህ እናት ሊጥ ስታቦካ ልጁን ከአጠገብዋ አስቀምጣ ብትጠይቀው፥ መምህር መሆን አያስፈልጋትም። «እጄ ምን ይሠራል?» ትበለው፤ እርሱም «ኒድ» ብሎ ይመልስ፤ ከዚያ በዱቄቱ ላይ በጣቱ አምስቱን ፊደል ይጻፍ፥ ኬን ሲጽፍ ከንፈሩን ይግጠም። ቢላዋውን ሲያነሣም፥ በር ሲያንኳኳም፥ ለጸሎት ሲንበረከክም እንደዚሁ ያድርግ። አምስቱ ከተጠኑ በኋላ ደብልዩ ዝም የሚልባቸው፥ እነርሱም አምስት አምስት ፊደል ያላቸው፥ መጻፍ የሆነው ራይት፥ ስሕተት የሆነው ሮንግና የእጅ አንጓ የሆነው ሪስት ይከተላሉ።