ከአገር ቤት አብሮ የመጣ ትል፦ ሰውነት ለዓመታት የያዘውን ተውሳክ መድኃኒት ሲፈታው

ከሴንት ፖል ከተማ ጋር የምትዋሰነው ሜፕልዉድ በይበልጥ የምትታወቀው የስሪኤም ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ በመሆኗ ነው። በአካባቢው ክሊኒኮች የሚስተናገዱት ታካሚዎች ግን ከብዙ አህጉራት የመጡ ናቸው። ከላኦስ የፈለሱ ህሞንጎች፣ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በመንትዮቹ ከተሞች ዙሪያ በብዛት ይኖራሉ። ከኢትዮጵያ ከመጣ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው እያሳለውና ደረቱ እያፏጨ ወደ ክሊኒክ ሲሄድ፣ አብዛኛው ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠረጥረው አስምን ነው። ለአስም ደግሞ ፕሬድኒሶን የተባለውን ስቴሮይድ ሊያዝዝ ይችላል። ይህ ለብዙዎች ተገቢ ሕክምና ነው። ስትሮንጂሎይደስ የተባለውን ትል በአንጀቱ ለተሸከመ ሰው ግን ለሞት ሊዳርግ የሚችል ትእዛዝ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሰውነት ትልን እንዴት እንደሚቋቋም ማየት ያስፈልጋል። ባክቴሪያ ወደ ሰውነት ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ውጠው ሊያጠፉት ይችላሉ። ትልን ግን መዋጥ አይቻልም። ከስትሮንጂሎይደስ ሴቷ ትል ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ይህም ከአንድ ነጭ የደም ሕዋስ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ስለሆነም ሰውነት ሌላ ስልት ይጠቀማል፦ እጩን በጉዞው ላይ ያጠቃል፣ የጎለመሰውን ትል ደግሞ ከአንጀት ጠርጎ ለማስወጣት ይጥራል።

ጠረጋው የሚጀምረው በአንጀት ግድግዳ ላይ ተበታትነው ከሚገኙት ታፍት ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ለረጅም ጊዜ ሥራቸው በውል ሳይታወቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተሙ ምርምሮች የትል መምጣትን የሚያበሥሩ ዘበኞች መሆናቸውን አሳዩ። የእነሱ ምልክት ሲደርስ አንጀት ብዙ ንፋጭ ያመነጫል፣ ፈሳሽ ያፈልቃል፣ ጡንቻውም በኃይል ይኮማተራል። አማርኛ ተናጋሪ ሲርበው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል። ትል በሚያጋጥመው ጊዜ ግን በእርግጥ የሚታወከው አንጀቱ ራሱ ነው።

በደምና በሥጋ ውስጥ የሚጓዙትን እጮች የሚገጥሙት ደግሞ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፖል ኤርሊሽ እ.ኤ.አ. በ1879 ኢዮሲን በተባለ ቀይ ማቅለሚያ ለይቶ ያወቃቸው ሲሆን፣ ስማቸውንም ያገኙት ከዚሁ ማቅለሚያ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከነጭ ሕዋሳት መካከል ድርሻቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት በመቶ አይበልጥም፤ ትል ሲገባ ግን ቁጥራቸው ያሻቅባል። በፀረ እንግዳ አካላት የተሸፈነውን እጭ ይከብቡና በውስጣቸው ያለውን መርዛማ ንጥረ ነገር በላዩ ላይ ያፈሳሉ።

በዚህ ፍልሚያ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካልም ይሳተፋል። ይኸው አካል በበለጸጉት አገሮች በይበልጥ የሚታወቀው በአለርጂ አምጪነቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ካሳዩት ጥናቶች ጥቂቶቹ የተካሄዱት በጅማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አመለከተ። በ2001 የወጣው ደግሞ ብዙ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ከዚህ ተነስቶ ትል ለጤና ይበጃል ማለት ግን ስሕተት ነው፤ የመንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ለደም ማነስ ይዳርጋል። ጥናቶቹ የሚጠቁሙት ሌላ ነገር ነው፦ ትል ለረጅም ጊዜ በሰውነት ውስጥ ሲኖር የመከላከያውን ቁጣ ያበርዳል። ትሉ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች አሉ፤ ሰውነትም በበኩሉ ማብቂያ የሌለው ውጊያ ራሱን እንዳይጎዳው የሚያረጋጉ ሕዋሳትን ያሰማራል። በመጨረሻ ማንም ሳያሸንፍ አብሮ መኖር ይጀመራል።

ይህ አብሮ መኖር ለአብዛኞቹ ትሎች የጊዜ ገደብ አለው። የወስፋት ዕንቁላል ከሰውነት ወጥቶ አፈር ውስጥ ካልቆየ ሌላ ሰው ሊይዝ አይችልም። በመሆኑም ወስፋት ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው፣ ዳግም ካልተያዘ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ትሉ አርጅቶ ይሞታል።

ስትሮንጂሎይደስ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ሐኪሙ ሉዊ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1876 ከዛሬዋ ቬትናም በተመለሱ የፈረንሳይ ወታደሮች ላይ ያገኘው ይህ ትል፣ በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ በደም ወደ ሳንባ፣ ከዚያም በጉሮሮ በኩል ወደ አንጀት ይወርዳል። ከሚፈለፈሉት እጮች መካከል ጥቂቶቹ ከሰውነት ሳይወጡ ጎልምሰው የአንጀቱን ግድግዳ ይበሱና ጉዞውን እንደገና ይጀምራሉ። አንድ ሰው ራሱን በራሱ ዳግመኛ ያስይዛል ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ተማርከው የታይላንድና የበርማን ባቡር ሐዲድ የሠሩ እንግሊዛውያን፣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ትሉ በሰውነታቸው ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ እጮቹ ከልክ እንዳይበዙ የሚጠብቃቸው ያ በትል ላይ የተሰለፈው መከላከያ ነው።

ስቴሮይድ የሚያፈርሰው ይህንኑ ጥበቃ ነው። ኢዮሲኖፊሎች ይሞታሉ፣ ቁጥራቸውም ያሽቆለቁላል። እጮቹ በሺሕዎች ተባዝተው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ አንዳንዴም ወደ አንጎል ይሠራጫሉ። የአንጀት ባክቴሪያን አብረው ስለሚያጓጉዙ ታካሚው በደም መመረዝ ወይም በማጅራት ገትር ይወድቃል። እዚህ ላይ አሳሳች ነገር አለ፦ በዚህ ደረጃ የኢዮሲኖፊል ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ መገኘቱ የጤና ሳይሆን የከፋ አደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ በሚኒሶታ በወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። ዴቪድ ቡልዌር፣ ዊልያም ስታውፈርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ1993 እስከ 2002 የተመዘገቡ 151 ሕመምተኞችን መዝገብ ፈትሸዋል። ትሉ የታወቀው በአማካይ ሰውየው ወደ አሜሪካ ከገባ ከ56 ወራት በኋላ ነበር። ከአሥር አንዱ የመጣው ደረቱ እያፏጨ ነው። ስቴሮይድ ከታዘዘላቸው መካከል በአምስቱ ላይ ትሉ ከቁጥጥር ውጭ ተባዝቶ ሁለቱ ሞተዋል። ተመራማሪዎቹ ተመሳሳይ ታሪክ ጽፈው በሥልጠና ላይ ለሚገኙ ሐኪሞች ሲያቀርቡ፣ የተውሳክ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ያወቁት አሜሪካ ውስጥ ከሚሠለጥኑት 9 በመቶው ብቻ ሲሆኑ፣ በሌሎች አገሮች ካሉት ግን 56 በመቶው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዴክሳሜታሶን የኮቪድ ሕሙማንን ሕይወት እንደሚታደግ ሲረጋገጥ ሥጋቱ ዳግም ተነሣ። ስታውፈር ከጆናታን አልፐርንና ከፓትሪሺያ ዎከር ጋር ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ትሉ ካለበት አገር ለመጡ ሕሙማን ከስቴሮይዱ ጋር አይቨርሜክቲን መስጠት እንዲታሰብ ጽፈዋል። አይቨርሜክቲን በዚያ ወቅት ለኮቪድ ፈውስ ነው እየተባለ የተወራለት መድኃኒት ነው፤ ትክክለኛ ቦታው ግን እዚህ ነበር።

ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ሳሉ ስሙን ያልሰሙት ትሉ ብርቅ ሆኖ አይደለም። የተለመደው የሰገራ ምርመራ በብዛት ስለሚስተው ነው። በአማራ ክልል ገጠር በተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የተለያዩ የምርመራ ዘዴዎችን ሲያጣምር፣ ከአምስት ልጆች በአንዱ ገደማ ትሉን አግኝቷል። አባቶች በየሁለት ወሩ ይጠጡት የነበረው ኮሶም በጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ረጅም ትል እንጂ ለዚህ የሚሆን አልነበረም።

ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የሚመጡ ስደተኞች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከመሳፈራቸው በፊት አልቤንዳዞል እንዲወስዱ ሲደረግ ቆይቷል፤ ለብዙዎቹም በኋላ አይቨርሜክቲን ተጨምሯል። በዲቪ ሎተሪ፣ በቤተሰብ ጥሪ ወይም በትምህርት የመጡት ግን በዚህ መርሐ ግብር አልታቀፉም። አማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ በብዛት የመጣው በእነዚህ መንገዶች በመሆኑ፣ ስቴሮይድ ሲታዘዝለት «ያደግሁት ኢትዮጵያ ነው፤ የስትሮንጂሎይደስ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ለአስም፣ ለሪህ፣ ለካንሰር ወይም ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚሰጡ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶችም በዚሁ ይታያሉ። በአስቸኳይ የሚያስፈልግ ስቴሮይድን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው።

ምርመራው የሚካሄደው ፀረ እንግዳ አካላትን በሚፈልግ የደም ምርመራ ሲሆን፣ ሕክምናውም ለአብዛኛው ሰው የአንድ ወይም የሁለት ቀን አይቨርሜክቲን ነው። ሎአ ሎአ የተባለው ትል በሚገኝባቸው የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የኖረ ሰው አይቨርሜክቲን አንጎሉን ሊጎዳው ስለሚችል ቀድሞ ሌላ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ከሕክምናው በኋላ በነበሩት ወራት የኢዮሲኖፊሉ ቁጥር ካልወረደ፣ ሐኪሙ ቢልሃርዚያን ጨምሮ ሌላ ተውሳክ መፈለጉን ይቀጥላል።