ጥያቄ ያለው ሰውና ገንዘብ ያለው ድርጅት

ምርምር ለማካሄድ የሚሹ ወጣቶች ዘወትር የሚያሰሙት አቤቱታ የገንዘብ እጦት ነው። አቤቱታው እውነት ነው። ሆኖም ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ጥያቄው የማን እንደ ሆነ ማወቅ እንደሚገባ የሚያስረዳ ታሪክ ስላለ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው)።

ወይዘሮ ሜሚ ክላርክ ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ ትምህርት ቤት በሚማሩበት በአርካንሶ ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። በሃዋርድ ዩኒቬርሲቲ ሲማሩ ጥቁር ሕፃናት ስለ ራሳቸው ቀለም የሚያስቡትን ለመመርመር ተነሡ። ባለቤታቸው ኬኔት ክላርክም ተባበሯቸው፤ ኋላ እርሳቸው ራሳቸው እንደ መሰከሩት ዋናው ሐሳብ የሚስታቸው ነበር። በ1940 የጁሊየስ ሮዘንዋልድ ፈንድ የምርምር ድጎማ ሰጣቸው፤ ድጎማውም ታደሰላቸው።

ሮዘንዋልድ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ለጥቁር ልጆች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የረዱት የአገሬው ሕዝብም በገንዘብ ወይም በጉልበት እንዲያዋጣ እያደረጉ ነው። ፈንዱ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ25 ዓመት ውስጥ ገንዘቡን ጨርሶ እንዲዘጋም አዘዙ። (ስሙ ለዘለዓለም እንዲኖር የማይመኝ ባለጸጋ ብዙ አይገኝም።) እርሳቸው በ1932 ሞቱ፤ ፈንዱም በ1948 ተዘጋ።

የክላርኮች መሣሪያ ከሃርለም መደብር በርካሽ የተገዙ አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ቡናማ፣ ሁለቱ ነጭ። ውድ የሆነው ጊዜውና ጉዞው ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸውን 253 ጥቁር ሕፃናት፣ 134ቱን በአርካንሶ፣ 119ኙን በማሳቹሴትስ ጠየቁ። ከመቶ 67ቱ ሊጫወቱበት የመረጡት ነጩን ነው፤ «መጥፎ የሚመስለውን ስጠኝ» ሲባሉም ከመቶ 59ኙ ቡናማውን ሰጡ።

በግንቦት 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶችን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ በግርጌ ማስታወሻው የዶክተር ክላርክን ጽሑፍ ጠቀሰ። ተከራካሪዎቹ ግን በሰሜን ከነጭ ጋር የሚማሩትም ነጩን መርጠዋልና ትምህርት ቤቱ ብቻ ምክንያት ሊሆን አይችልም ብለው ነበር። ቀላል ክርክር አይደለም። ክላርኮች ይህንኑ የሰሜኑን ውጤት ሳይሸሽጉ ማሳተማቸው በእኛ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ነው።

በዚያው ማስታወሻ የተጠቀሰው የስዊድናዊው የጉናር ሚርዳል መጽሐፍ የተገኘው በሌላ መንገድ ነው። እዚህ ጥያቄውን ያነሣው ገንዘብ ሰጪው የካርኔጊ ድርጅት ነበር፤ ነገሩን በአዲስ ዓይን የሚያይ የውጭ ሰው ፈልጎ በ1938 አስመጣቸው። ራልፍ በንችንና ኬኔት ክላርክን የመሰሉ ጥቁር ሊቃውንትም ለጥናቱ ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት ዶክተር ዱ ቦይስ ስለ ጥቁር ሕዝብ ኢንሳይክሎፔዲያ ለማዘጋጀት ያቀረቡት ማመልከቻ ገንዘብ አላገኘም።

ዱ ቦይስ በ1961፣ በ93 ዓመታቸው፣ በንክሩማህ ጥሪ ወደ ጋና ሄደው ስለ አፍሪቃ ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ፤ በ1963 አክራ ላይ ዐረፉ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1977 ሲታተም የያዘው የኢትዮጵያንና የጋናን ሰዎች የሕይወት ታሪክ ነበር።