ቁጥር 1426፦ በአንድ ሞተር ባህር ላይ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1979 ሊነጋጋ ሲል፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ጋልቬስተን ከምትባል የወደብ ከተማ አቅራቢያ ሁለት መርከቦች ተጋጩ። አንደኛዋ ቡርማ አጌት የምትባል ነዳጅ ጫኝ ነበረች፣ ሌላኛዋ ደግሞ ሚሞሳ የምትባል የጭነት መርከብ። ፍንዳታ ተከተለ፣ እሳቱም ሁለቱንም መርከቦች ያዘ። ከነዳጅ ጫኟ 37 ሠራተኞች 31ዱ ሞቱ። የሚሞሳ 26 ሰዎች ግን ሁሉም ተረፉ።

በዚያ ጠዋት ጎኗ ላይ 1426 የሚል ቁጥር የተጻፈባት አንዲት የባህር ጠረፍ ጥበቃ ሄሊኮፕተር ብቻዋን 22 ሰዎች አወጣች። እስቲ ቁጥሮቹን አያይዟቸው። ከነዳጅ ጫኟ የተረፉት 6 ብቻ ከሆኑ፣ ከ22ቱ ቢያንስ 16ቱ የተነሱት ከሚሞሳ ነው ማለት ነው።

እኔን መጀመሪያ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች ሄሊኮፕተር ትልቅ አይደለችም። ውስጧ ተጠጋግቶ ቢቀመጥ 12 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው። ሞተሯ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከዳር ርቆ ባህር ላይ ለሚሠራ ማሽን አንድ ሞተር? ምህንድስና የተማረ ሰው ይህንን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። እኔም አጨማድጄ ነበር። ከዚያ ሥዕሏን ከጎን አየሁት፣ መልሱም እዚያው ነበር፦ ሆዷ ጀልባ ነው።

የዓይነቱ ስም ኤችኤች-52ኤ ሲጋርድ ይባላል፣ ሠሪው ሲኮርስኪ ነው። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ከ1963 ጀምሮ 99 የሚሆኑትን ገዝቶ እስከ 1989 ድረስ ተጠቅሞባቸዋል። በእነዚያ 26 ዓመታት ከ15,000 በላይ ሰዎችን እንዳዳኑ ይነገርላቸዋል። የታችኛው አካላቸው ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ እንደ ጀልባ የተሠራ ነው። በግራና በቀኝ ደግሞ ወደ ጎን እንዳይገለበጡ የሚደግፏቸው ተንሳፋፊዎች አሉ፤ ዋናዎቹ ጎማዎችም እዚያው ላይ ናቸው።

አሁን አንድ ሞተር የሚለው ነገር ትንሽ ትርጉም ይሰጣል። ሄሊኮፕተር ሞተሩ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ሲወርድ ከታች የሚመጣው አየር ከላይ ያለውን ትልቅ ተሽከርካሪ ክንፍ፣ ሮተሩን፣ ማዞሩን ይቀጥላል። አብራሪው ያንን ዙር ተጠቅሞ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሊያርፍ ይችላል። ጥያቄው የት ያርፋል የሚለው ነው። ለአብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች ባህር ማረፊያ አይሆንም፤ ለእነዚህ ግን ማዕበሉ እስካልከፋ ድረስ ይሆናል። ሁለተኛ ሞተር ከመሸከም ይልቅ ጀልባ መሸከም ማለት ነው።

የሞተሩ ነገር ራሱ ደስ ይላል። ቲ58 የሚባል ተርባይን ነው፤ 1,250 የፈረስ ጉልበት መስጠት ይችላል። ይህች ሄሊኮፕተር ላይ ግን የተፈቀደለት 730 ብቻ ነው። ለምን መሰላችሁ? ሮተሩና ካምቢዮው ኤስ-55 ከሚባል የቆየ የፒስተን ሄሊኮፕተር የተወረሱ ናቸው፣ ካምቢዮው ደግሞ ከዚያ በላይ ጉልበት አይችልም። መጀመሪያ ሲታይ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ተርባይን አየሩ ሲሞቅና ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። (አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች የምትተነፍሱት አየር ከባህር ጠለል አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ መሆኑን አስታውሱ።) ከ1,250 ላይ ጥቂት ቢቀነስበት አሁንም 730ውን መስጠት ይችላል። አብራሪው በሙቀት ቀንም ያው የለመደው ጉልበት አለው ማለት ነው።

730 ግን ይበቃል? እስቲ እናስላው። ሄሊኮፕተር አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ የሚቆየው አየር ወደ ታች በመግፋት ነው። ሙሉ ጭነቷ 3,700 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሮተሩ ሲዞር የሚሸፍነው ክብ ከዳር እስከ ዳር 16 ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ ይህም 205 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስተን ስናሰላ፣ አየሩ በሮተሩ መሃል ሲያልፍ በሰከንድ 8.6 ሜትር ይሄዳል። ወደ ታች ሲወርድ እየጠበበ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ነፋስ ነው። ከሥር ቅርጫቱን የሚጠብቀው ሰው ላይ የሚወርደው ይሄ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ምንም ብክነት ባይኖር፣ 312 ኪሎዋት ነው። 730 የፈረስ ጉልበት ደግሞ 544 ኪሎዋት። ሰፊ ትርፍ ያለ ይመስላል፣ ግን የለም። የሮተሩ ክንፎች አየሩን ሲሰነጥቁ የሚባክን አለ፣ የኋላዋ ትንሽ ሮተር ድርሻዋን ትወስዳለች፣ ካምቢዮውም የራሱን ይበላል። ሲደማመር በሙሉ ጭነት ቀጥ ብሎ መቆም ከአቅሟ ጫፍ አጠገብ የሚደረግ ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ጋልቬስተን እንመለስ። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይከፋሉ። አንደኛው ሙቀት ነው። 15 ዲግሪ የነበረ አየር ወደ 35 ዲግሪ ቢሞቅ እፍጋቱ 6.5 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የሚቃጠል መርከብ አጠገብ ደግሞ ሙቀቱ እኩል አይደለም፣ ከሜትር ሜትር ይለያያል። ሁለተኛው የሚያድኗቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ማሽኗ ትከብዳለች፣ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከክብደቱ በፈጠነ መጠን ይጨምራል። ለምሳሌ 3,000 ኪሎ የምትመዝን ሄሊኮፕተር 70 ኪሎ የሚመዝኑ አሥር ሰዎች ብትጭን ክብደቷ 23 ከመቶ ይጨምራል፤ ለመቆም የሚያስፈልጋት ጉልበት ግን 37 ከመቶ ነው የሚጨምረው። የመጨረሻው ሰው ከመጀመሪያው ሰው ይበልጥ ውድ ነው። 22 ሰው በአንድ ጉዞ ሊነሳ አይችልም፤ ጭኖ ሄዶ፣ አራግፎ፣ እንደገና ወደ እሳቱ መመለስ ነበረበት።

አብራሪው ደግሞ ሥሩ ያለውን አያይም። በቀኝ በኩል በር ላይ የተንበረከከው የበረራ ሠራተኛ ነው ዓይኑ። ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ቁም እያለ ይመራዋል፤ ያው ሰውዬ ማንሻውን ገመድም ይቆጣጠራል። ቅርጫቱ መጀመሪያ ውሃውን ወይም የመርከቡን ወለል እንዲነካ ይደረጋል፣ ሰው ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። ምክንያቱም ሄሊኮፕተር ሲበር የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማል። ያ ሙል በሰው እጅ በኩል እንዲወርድ አይፈለግም።

ውሃው ጸጥ ሲል ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ውሃ ላይ አርፈው፣ ከበሩ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ትንሽ መድረክ አውጥተው፣ ሠራተኛው እዚያ ላይ ወጥቶ የደከመውን ሰው በእጁ ይጎትታል። ቅርጫት ውስጥ ለመግባት አቅም የሌለውን ሰው ማዳን ይቻል ነበር። በሴፕቴምበር 1965 ቤትሲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅም እነዚህ ሄሊኮፕተሮች ከቤት ጣሪያ ላይ ሰው አንስተዋል።

ድክመቱ ግን ግልጽ ነው። ሰዎች ባህር ላይ አደጋ የሚደርስባቸው ብዙ ጊዜ ባህሩ ሲቆጣ ነው፣ ጀልባው ሆድ ደግሞ የሚጠቅመው ባህሩ ሲረጋ ነው። በተጨማሪም ያ ወፍራም ሆድ አየር ይይዛል። ፍጥነቷ ቢበዛ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለአንድ ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ይህ አዝጋሚ ነው።

ፌብሩዋሪ 1983 ላይ ማሪን ኤሌክትሪክ የምትባል የድንጋይ ከሰል መርከብ ቨርጂኒያ አቅራቢያ በማዕበል ሰጠመች። ከ34 ሰዎች 31ዱ ሞቱ። የባህር ጠረፍ ጥበቃ ሄሊኮፕተር ደርሶ ቅርጫት አውርዶ ነበር፤ ይህኛው ከ1426 የሚበልጥ፣ ሁለት ሞተር ያለው ዓይነት ነው። ግን ሰዎቹ በቅዝቃዜው እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቅርጫቱ ውስጥ መግባት አልቻሉም። ገመዱ ደረሰ፣ ሰውዬው እዚያው ነው፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ቀረ። እኔ የዚህን አደጋ ታሪክ ሳነብ አንድ ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት የባህር ጠረፍ ጥበቃው ነፍስ አድን ዋናተኞች እንዲኖሩት አዘዘ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1985 ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዘመን ኤችኤች-65 ዶልፊን የሚባሉ አዳዲስ ሄሊኮፕተሮች መጡ። ሁለት ሞተር አላቸው፣ ይፈጥናሉ፣ ግን ውሃ ላይ አርፈው አይሠሩም። ቀድሞ ማሽኗ ወደ ሰውዬው ትወርድ ነበር፤ አሁን ማሽኑ ላይ ይቆያል፣ ሰው ወደ ሰው ይወርዳል። በ1989 የመጨረሻዋ ሲጋርድ ከአገልግሎት ወጣች።

1426ስ? ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወደሚገኝ የአውሮፕላን ጥገና ማሰልጠኛ ተላከች። እዚያ ተማሪዎች ብሎኗን እየፈቱና እያሰሩ ሙያ ተማሩባት። ብዙ ማሽኖች ጡረታ ወጥተው በሜዳ ላይ ሲዝጉ፣ እሷን ግን የተማሪዎች እጅ ነው ያቆያት። በኋላ ታሪኳን የሚያውቁ ሰዎች ፈልገው አገኟት፤ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተወስዳ ታደሰች። ከ2016 ጀምሮ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም የኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ውስጥ ለእይታ ቀርባለች።

ማዕከሉ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያርፍበት ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄዱ ከሆነ መግቢያው ነጻ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ግን ይከፈልበታል። ስትሄዱ መጀመሪያ ሮተሩን አትዩ። ሆዷን እዩት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ በኩል ዞራችሁ የበሩን ስፋት ገምቱ። 22 ሰዎች የገቡት በዚያ በር ነው።