4,294,967,297፦ አምስት ምስክር ያልበቃው ቁጥር

32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 1 ስንጨምር 4,294,967,297ን እናገኛለን። ፈረንሳዊው የሕግ ሰውና የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ያምን ነበር። ያለ ምክንያት አልነበረም፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንጨምር የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 አምስቱም ብቸኛ ናቸው። በፈረንጆች 1640 አካባቢ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ተከታዮቹም ሁሉ እንዲሁ እንደሚሆኑ ገለጸ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለትም አልደበቀም። በሒሳብ ግን አምስት ምስክር ቢቆምም፣ አምስት ሺህ ቢቆምም ፍርድ አይሰጥም። የማረጋገጫን ዋጋ ከዚህ ቁጥር አሳምሮ የሚያሳይ የለም ባይ ነኝ።

በ1732 ሴንት ፒተርስበርግ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሌዎንሃርድ ኦይለር ቁጥሩ 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳወቀ። በጉልበት ለፈተሸው ሰው ከ65,536 በታች ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች በየተራ መሞከር ሊጠብቀው ይችል ነበር። ኦይለር ግን የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት በኋላ አስረድቷል። ዕጩዎቹ እንግዲህ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እያሉ ይሄዳሉ፤ አምስተኛው ራሱ 641 ነው። ነገሩን ያለ ማካፈልም በእስክሪብቶ ማየት ይቻላል። 641 ማለት 5 × 2⁷ + 1 ነው፤ 5⁴ + 2⁴ም ነው። 5 × 2⁷ የ641 ብዜት ለመሆን 1 ብቻ ስለሚጎድለው፣ አራተኛ ርቢው 5⁴ × 2²⁸ በ641 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። በ5⁴ ቦታ 641 − 2⁴ን ብንተካ 641 × 2²⁸ − 2³² ይሆናል። ስለዚህ −2³²ም በ641 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ 2³² + 1 የ641 ብዜት ነው ማለት ነው። ግዙፍ ቁጥር በሦስት መስመር ሲፈታ ማየት እንዴት ያስደስታል!

“ኮምፒውተር በቅጽበት የሚሠራውን ለምን በማረጋገጫ እንደክማለን?” የሚል ይኖራል። ፈጣን ፈተናም ቢሆን ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ የሚነግረን ማረጋገጫ ነው። ከራሱ ከፌርማ የወጣው ታዋቂ ሕግ፣ ከ2 የሚበልጥ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ 2ን ከእሱ በ1 በሚያንስ ርቢ አባዝተን በራሱ በቁጥሩ ስናካፍል 1 ይተርፋል ይላል፤ 4,294,967,297 ብቸኛ ሳይሆን ይህን ፈተና ያልፋል። ኮምፒውተሩም ቢሆን ወሰን አለው፤ የሁለቶቹን ብዛት እጥፍ እያደረግን 1 ስንጨምር ከሚመጡት ቁጥሮች መካከል 2 በ2³³ ርቢ ሲደመር 1 ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዞች አሉት፤ ብቸኛ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም።

ከ4,294,967,297 ጀምሮ ከዚህ ግዙፍ ቁጥር በፊት ያሉት 28 የዚህ ዓይነት ተከታታይ ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ እንዳልሆኑ ታውቋል። ይህን አይቶ “እንግዲያው ከ65,537 በላይ ብቸኛ የለም” ማለት ግን የፌርማን ስሕተት ገልብጦ መድገም ነው። 28ቱም ምሳሌዎች ናቸው። ስድስተኛ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ እንደሌለ ያረጋገጠም የለም።