ባሕር ዛፍና የአናጢው ጠረጴዛ

በቤቱ ወርክሾፕ ለማደራጀት የተነሣ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያፈሰው በመሣሪያ ላይ ነው። ድሪል ይገዛል፣ ግራይንደር ይገዛል፣ መሮ በየቁጥሩ ይገዛል። ጠረጴዛ የሚያደርገው ግን ከሳሎን የተባረረውን፣ እግሩ የላላውን አሮጌ የምግብ ጠረጴዛ ነው። መላጊያውን ሳንቃው ላይ አሳርፎ ሲገፋ ሳንቃውም ጠረጴዛውም አብረው ይነጉዳሉ። በአንድ እጁ እየገፋ በሌላው ይይዛል፣ በጉልበቱ ደግሞ እግሩን ይደግፋል። ስለቱ ይዘላል፣ እንጨቱ ይቦጨቃል፣ ጥፋቱም በመላጊያው ላይ ይላከካል። የአናጢ ጠረጴዛ ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። ሥራውም አንድ ነው፤ እንጨቱን ወጥሮ መያዝ፣ ሲገፉትም አለመነቃነቅ። ስለዚህ ከውበቱ በፊት ክብደቱ ይጠየቃል።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አንሥቶ እስከ ኮተቤና ካራ ድረስ በተዘረጋው የእንጦጦ ግርጌ፣ ጓሮ ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሰርቪስም አለው። የቤት ወርክሾፕ የሚጀመረው እዚያ ነው። ለከባድ ጠረጴዛ የሚሆነው እንጨት ደግሞ ቀና ሲሉ ከሚታየው ኮረብታ ላይ ቆሟል። ባሕር ዛፍን ከማገዶ፣ ከአጠናና ከማገር በላይ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ይሸሹታል፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማር ያጎብጣል ይሉታል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ለወንበርና ለቁም ሣጥን ጉድለት የሆነው ክብደቱና ጥንካሬው ለሥራ ጠረጴዛ የሚፈለገው ባሕርይ ነው። ጠባዩን አውቆ ለያዘው ሰው በአዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ ተመጣጣኝ እንጨት አለ ብዬ አላምንም።

ዛፉ ወደዚህ የመጣበት ምክንያት ይታወቃል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ አልቆ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰዋል። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው፣ ያስገባውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ የሚነገርለት ባሕር ዛፍ ግን ከተማዋን ባለችበት አቆያት። የእንጦጦው በአብዛኛው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ነው። የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ኮረብታው ከመቶ ዓመት በላይ እየተቆረጠ አረንጓዴ ሆኖ የቆየው በዚህ ነው።

ዋንዛስ? ዋንዛ ለአናጢ የዋህ እንጨት ነው። ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ቀለሙም ያምራል። ይሁንና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነበር። በገበያ የሚገኘውም በዋጋው መዶሻ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ሊሠሩበት ያሳሳል። ለጠረጴዛ ደግሞ ቀላል ነው። የደረቀ ነጭ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ ከ700 እስከ 800 ኪሎ ግራም ሲመዝን ዋንዛ ከ400 እስከ 500 ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ገበታ ከባሕር ዛፍ ሲሠራ ወደ 70 ኪሎ ይመጣል፤ ያው ልክ ከዋንዛ ቢሠራ 42 ኪሎ ግድም ነው። እግሩና ማሰሪያው ሲታከልበት የባሕር ዛፉ ጠረጴዛ አንድ ሰው ብቻውን የማያነቃንቀው ይሆናል። የሚፈለገውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክፉ ጠባዩ እንምጣ። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲያድግ የውጪው አካሉ ተወጥሮ፣ ልቡ ደግሞ ተጨምቆ ነው። በመሰንጠቂያ ቤት አንድ ግንድ ወደ መጋዝ ሲገባ ማየት ነው፤ ምላጩ ገና ግማሽ ሳይደርስ የተሰነጠቁት ሁለት ጎኖች እንደ ቀስት ወደ ውጭ እየተለጠጡ ይከፈታሉ፤ ከጫፉም ተሰንጥቆ ሲጮህ ይሰማል። ይህ ጭንቀት በቀጭንና በለጋ ግንድ ላይ ይብሳል። ከጉቶ በቅሎ ለአጠና የተቆረጠ እንጨት ለጠረጴዛ የማይሆነውም ለዚህ ነው። የሚያስፈልገው ከወፍራም፣ ከበሰለ ግንድ የወጣ፣ ልቡ የተወገደለት ሞራሌ ነው። ሲገዙ የሞራሌውን ጫፍ አዙሮ ማየት ይገባል። የግንዱ እምብርት በመካከሉ ከታየ ያ እንጨት ዛሬ ቀጥ ብሎ ቢቆምም ነገ ይሰነጠቃል፤ መተው ነው።

ሌላው እርጥበት ነው። ለግንባታ የሚሸጥ ባሕር ዛፍ እርጥብ ነው፤ ግንበኛው የሚፈልገውም እርጥቡን ነው፣ ምስማር የሚገባለት ሳይደርቅ ነውና። የጠረጴዛ ሠሪው ግን ገዝቶ ማቆየት አለበት። ከመስከረም በኋላ የተገዛውን ሞራሌ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ጣውላዎች እየጣሉ በጥላ መደርደር፣ ሁለቱን ጫፎች በዘይት ቀለም መቀባት፣ ከላይ ከባድ ድንጋይ መጫን ነው። ጫፉ ካልተቀባ ውኃው በጫፍ በኩል ቶሎ ይወጣና እንጨቱ ከዚያ ይተረተራል። የቆየው የአናጢዎች ልክ ለየሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩሉ ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። ከሁሉ የታመነው ግን ሚዛን ነው። አንዱን ሞራሌ ለይቶ በየወሩ መመዘን፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ይህን ትዕግሥት የዘለለ ሰው የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን ጠረጴዛው ይጣመምበታል።

እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ዋናው ብልሃት ሰፊ ሳንቃ አለመፈለግ ነው። አምስት በሰባት የሚባለው ሞራሌ በጠባቡ ጎኑ ቆሞ፣ ተልጎ፣ እርስ በርሱ በኮላ ሲጣበቅ አሥራ አራቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሞላሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ሊጣመም ሲል ጎረቤቱ ይይዘዋል። አራት ሜትር ከሆነው ሞራሌ ገበታው ተቆርጦለት የሚተርፈው አንድ ሜትር ከ60 ለእግር ይሆናል፤ አራት አራት ቁራጭ አጣብቆ ወፍራም እግር ማውጣት ይቻላል። ከሚያስፈልገው በላይ አራት ወይም አምስት ሞራሌ ጨምሮ መግዛት ብክነት አይደለም፤ ሲደርቅ የሚጣመም አይጠፋም፣ እርሱ ተቆራርጦ ለአጭር አጭሩ ይውላል። ኮላው የሚቀባው እንጨቱ በተላገበት ዕለት ነው። ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ተልጎ የከረመ ፊት ኮላ አይጠጣም። ለብሎንም ሆነ ለምስማር ቀድሞ በድሪል መብሳት ግድ ነው፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ያለዚያ አይቀበልም።

ቅርጹን በተመለከተ ከሩቅ የመጣ ግን የማይረሳ መምህር አለ። አንድሬ ዣኮብ ሩቦ የተባለ የፓሪስ አናጢ ከ1769 እስከ 1774 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ የእንጨት ሥራ መጽሐፍ የአናጢ ጠረጴዛ ሥዕል አስፍሯል። ወፍራም ገበታ፣ አራት ወፍራም እግር፣ የፊት እግሮቹም ከገበታው ጠርዝ ጋር በአንድ መስመር የተቆረጡ ናቸው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ይሠራል። በር ወይም ረጅም ሳንቃ በጎኑ ሊላግ ሲቆም በገበታው ጠርዝና በእግሩ ላይ እኩል ይደገፋል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ጠረጴዛዎች ገበታቸው ከእግራቸው አልፎ ስለሚወጣ ለዚህ ሥራ አይመቹም። ቁመቱን ሠሪው በራሱ አካል ይለካል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቅ የእጁ አንጓ የሚደርስበት ነው። ለብዙ ሰው ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር መካከል ይወድቃል። ከዚያ ከፍ ካለ መላጊያ የሚገፋው በክንድ ብቻ ይሆንና ትከሻ ይደክማል፤ በልኩ ሲሆን የሚገፋው የሰውነት ክብደት ነው።

የመያዣውን ነገር ብዙዎች የሚያውቁት በሞርሳ ነው። ጥሩ የብረት ሞርሳ ውድ ነው፣ ቢሆንም አንድ ይገባል፤ ለቀኝ እጅ ሰው በግራ በኩል ካለው የፊት እግር ጋር። ከሞርሳው እኩል የሚያገለግል፣ ግን እዚህ አገር እምብዛም የማይታይ ሌላ መያዣ አለ። የ20 ሚሊ ሜትር ልሙጥ የብረት ዘንግ በእሳት ተቆልምሞ ጫፉ ጠፍጠፍ ይደረጋል። ገበታው ላይ ከዘንጉ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይበሳል። ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ጠፍጣፋው ምላስ በሚሠራው እንጨት ላይ ያርፋል፣ አናቱ በመዶሻ አንዴ ይመታል። ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ዘመም ብሎ ይነክሳል፤ እንጨቱም ከገበታው ጋር እንደ ተሰፋ ይቀራል። ለማላቀቅ ከጀርባው ነካ ማድረግ በቂ ነው። ብሎን የለው፣ የሚፈታ የለው። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ መሮ የሚቀጠቅጡ ባለሙያዎች ይህን ለመቆልመም የሚያቅታቸው አይደሉም። ልሙጥ መሆኑ ግን መነገር አለበት፤ ባለ ጥርሱ ፌሮ ቀዳዳውን ይበላል።

እንዲህ ያለው የእጅ ሥራ የየካም ልማድ ነው። ጸሐይ ሮሽሊ በ1986 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የሰላም የሕፃናት መንደር ከኮተቤ በኩል የሙያ ማሠልጠኛ ከፍቶ ወጣቶችን ሲያስተምር ኖሯል። ሙያ በተማረ ሰው ቤት ጓሮው ሥራ ፈትቶ አይቀርም፤ የሰርቪስ ወርክሾፕ እንዲበዛ የምመኘውም ለዚህ ነው።

መሣሪያ ማስቀመጫው ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ከገበታው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በሙሉ በመሳቢያ ይሞላዋል። ያን ጊዜ የብረት ዘንጉ የሚወርድበት፣ ክላምፕም ከሥር የሚነክስበት ቦታ ያጣል። ከገበታው በታች ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው፤ የመሳቢያው ሣጥን ከዚያ ወዲያ ታች ባለው ማሰሪያ ላይ ይቀመጥ። እዚያ መቀመጡ ክብደት ይጨምራል፣ ጠረጴዛውም ይበልጥ ይረጋል። መሳቢያው ጥልቅ አይሁን፤ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ካለፈ ካቻቪቴው በፒንሳ፣ ፒንሳውም በሞረድ ይቀበርና ፍለጋው ግማሽ ቀን ይበላል። መንሸራተቻው እንጨት በእንጨት ከሆነ ሰም ይቀባ። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሸጥ ጧፍ ለዚህ ይበቃል፤ መሳቢያው በአንድ ጣት ይሳባል።

በየዕለቱ የሚነሡት መሣሪያዎች ግን መሳቢያ አያስፈልጋቸውም፤ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ። ለመስቀያ የሚመቸው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ረጅም ጣውላ በቁመቱ በ45 ዲግሪ አጋድሞ ለሁለት መሰንጠቅ፣ አንደኛውን ግማሽ ተጋድሞ የተሰነጠቀው ጎኑ ወደ ግድግዳው እንዲያዘቀዝቅ አድርጎ ግድግዳው ላይ መምታት፣ ሁለተኛውን ገልብጦ በመስቀያው ጀርባ መምታት ነው። መስቀያው ከላይ ወርዶ ይነክሳል፣ የራሱ ክብደት ይይዘዋል፤ የመጋዙን ቦታ መለወጥ ያማረው ሰው ቀና አድርጎ አንሥቶ ያዛውራል። ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በፊሸር ይያዝ፤ ጭቃ ቤት ከሆነ ምስማሩ ቋሚው እንጨት ላይ እንጂ በምርጊቱ ላይ አይመታ። መጋዝ ጥርሱ ወደ ግድግዳ ይሁን። መሮ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ፣ ስለቱም የሚታይበት ማስገቢያ ይሠራለት፤ ያልታየ ስለት እጅ ይቆርጣል።

የየካ ክረምት ለብረት ክፉ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ከሥሩ ጠል ቋጥሮ መሣሪያው ላይ ያንጠባጥባል። ስለዚህ መስቀያው ከግድግዳው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አየር በጀርባው ይለፍ። ከጣሪያው ሥር ርካሽ ኮርኒስ ማድረግ በየዓመቱ ዝገት ከመፈተግ ይሻላል። ብረቱም ከሥራ በኋላ በዘይት እራፊ ይታበስ።

ገበታው የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው። ተልባ አየር ሲያገኝ እንጨቱ ውስጥ ይጠጥራል፤ ኑግም በዝግታ ይደርቃል እንጂ እንደ ተልባ አይሆንም። ቫርኒሽ ለዚህ ጠረጴዛ አይመከርም፤ ገበታውን አንሸራታች ያደርገዋል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ተዘርግቶ ውጭ ሽቦ ላይ ይሰጣ፤ ደርቆ ድርቅ ሲል ይጣል። የእንጨት ብናኝ በሞላበት ክፍል ይህን መዘንጋት ቤት ያሳጣል።

ጠረጴዛው ተፈታች መሆን አለበት። የሰርቪስ በር ጠባብ ነው፣ የተከራየም ሰው ይለቃል። የጎን እግሮቹ ምላስና ቀዳዳ ተበጅቶላቸው በኮላ ለዘለቄታው ይጣበቁ፣ ረጃጅሞቹ ማሰሪያዎች ግን በብሎን ይያዙ። ገበታው በፊት በኩል ጥብቅ ተደርጎ፣ በኋላ በኩል የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ይታሰር፤ 60 ሴንቲ ሜትር ባሕር ዛፍ ከበጋ እስከ ክረምት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያብጥና ሊኮማተር ይችላል፣ መንገድ ካጣ ይሰነጠቃል። የኮረብታ ግርጌ ወለል ደልዳላ ስለማይሆን ጠረጴዛው ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ በውኃ ልክ እየታየ ከእግሩ ሥር ሽብልቅ ይግባለት። የገበታውን ዋና መላግ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ማድረግ ይሻላል። በመጀመሪያው ዓመት የሚነሣው ጎልቶ ይታያል፤ ቀጥ ያለ እንጨት በአግድም አስደግፎ ብርሃን የሚያሳልፈውን ቦታ በእርሳስ ማመልከት፣ የቀረውን ወደዚያ ልክ ማውረድ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚነሣው ጥቂት ነው፤ ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ መላጊያ ቢያልፍበት ይበቃዋል።